መግቢያ ከነመጫወቻ ቀጠሮው፦ ከሐዋሳ ተነስቶ ዲዝኒ ወርልድ ለሚሄድ ቤተሰብ

ክረምት ሲቃረብ ሐዋሳ ውስጥ ይህ ጥያቄ ይደጋገማል። አሜሪካ ያለች እህት ቤተሰቡን ጋብዛለች፣ ቪዛው ተመትቷል፣ ልጆቹም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአፋቸው "ዲዝኒ" እንጂ ሌላ ቃል አይወጣም። ከዚያ አንድ ዘመድ ወይም ወኪል በቴሌግራም ዋጋ ይልካል። "መግቢያ ከነመጫወቻ ቀጠሮው፣ ሙሉ ፓኬጅ" ይላል። ዋጋው ደግሞ ያስደነግጣል። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?

እዚህ የምጽፈው በዋናነት ፍሎሪዳ ኦርላንዶ ስላለው ዲዝኒ ወርልድ ስለሚባለው የመዝናኛ ስፍራ ነው። የሌሎቹን ፓርኮች አሠራር በመሃል አነሳለሁ፤ ሰው ሁሉንም አንድ እያስመሰለ ስለሚያወራ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው።

መጀመሪያ የምትገዙት ምን እንደሆነ እወቁ

ከሐዋሳ አዲስ አበባ በትልቁ ባስ ስትሄዱ ትኬቱ ላይ የወንበር ቁጥር አለ። በሚኒባስ ከሆነ ግን ገብታችሁ ያገኛችሁት ቦታ ላይ ነው የምትቀመጡት። የመዝናኛ ፓርክ ትኬትም ሁለት ዓይነት ነው። መግቢያው ብቻውን በሩን ያሳልፋችኋል፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ መጫወቻ ከሕዝቡ ጋር ትሰለፋላችሁ። ለታዋቂዎቹ መጫወቻዎች ሰልፉ ሰው በሚበዛበት ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ሰልፉን ለማሳጠር የሚሸጠው ነገር ሌላ ነው፣ ዋጋውም ለብቻው ነው። "ፓኬጅ" ማለት ሁለቱን አንድ ላይ አስሮ መሸጥ ነው።

ችግሩ ይህ ሁለተኛው ነገር እንደየፓርኩ ይለያያል።

በኦርላንዶው ዲዝኒ ወርልድ ላይትኒንግ ሌን መልቲ ፓስ ይባላል። እዚያ ሳትደርሱ በፊት ሦስት መጫወቻ መርጣችሁ፣ ለእያንዳንዱ የአንድ ሰዓት የመግቢያ ጊዜ ያለው ቀጠሮ ትይዛላችሁ። ካሊፎርኒያ ያለው ዲዝኒላንድም በዚሁ ስም ይሸጣል፣ ከመግቢያው ጋር አብሮ መግዛትም ይቻላል። ነገር ግን መጫወቻውን መምረጥ የምትጀምሩት በሩን ካለፋችሁ በኋላ ነው። ዩኒቨርሳል ኦርላንዶ የሚባለው ሌላ ፓርክ ደግሞ "ኤክስፕረስ" ይለዋል፤ እሱ ጭራሽ ሰዓት የለውም፣ በፈለጋችሁት ጊዜ በአጭሩ ሰልፍ መግባት ነው። ኦሳካ ጃፓን ያለው ዩኒቨርሳል ደግሞ በተቃራኒው ለተወሰኑ መጫወቻዎች ሰዓቱን አስቀድሞ ቆርጦ ይሸጣል፣ ካለፈ አለፈ። በሁለቱም ዩኒቨርሳሎች ኤክስፕረሱ መግቢያን አይጨምርም። እሱን ብቻ ገዝቶ በር ላይ መድረስ የሚያሳዝን ነገር ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነው አቡ ዳቢ፣ ያስ ደሴት ላይ ያለው ፌራሪ ወርልድም ክዊክ ፓስ የሚባል አለው፤ መግቢያው ላይ ተጨምሮ የሚከፈል ነው።

ስለዚህ ዋጋ ለላከላችሁ ሰው እነዚህን ጠይቁት፦ መግቢያው በውስጡ አለ ወይ? የመጫወቻው ሰዓት አሁን ተይዟል ወይስ በኋላ የምይዘው እኔ ነኝ? የትኞቹን መጫወቻዎች ያካትታል? ቀኑ ቢቀየርብኝስ?

ለዲዝኒ ወርልድ አንድ ማጣሪያ ልስጣችሁ። የመልቲ ፓስ ቀጠሮ የሚከፈተው ቢበዛ ሆቴል ከመግባታችሁ 7 ቀን በፊት ነው። ከሦስት ወር በፊት "ሰዓታችሁን ይዤላችኋለሁ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወይ አሠራሩን አያውቀውም ወይ ሆን ብሎ ነው። በሁለቱም መንገድ ብራችሁን አትስጡት።

ድሮ የሄደ ዘመድ ምክርም በጥንቃቄ ይሰማ። "ፋስትፓስ እኮ ነጻ ነው፣ ምን ያስከፍላል!" ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ በእሱ ጊዜ። ፋስትፓስ፣ የዛሬው ቀጠሮ የድሮ መልክ፣ በ1999 ተጀምሮ ለዓመታት ነጻ ነበር። በ2021 በሚከፈልበት ጂኒ ፕላስ ተተካ። አሁን ያለው መልቲ ፓስ ደግሞ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ቀን ምረጡ

ቪዛ ሳይወጣ ትኬት አትግዙ። ይህን ደግሜ እላለሁ፣ ቪዛ ሳይወጣ አትግዙ። የዲዝኒ ትኬት ገንዘቡ አይመለስም። ቀኑን መቀየር ይቻላል፣ ግን አዲሱ ቀን ውድ ከሆነ ልዩነቱን ትከፍላላችሁ።

ዋጋው እንደየቀኑ ይለያያል። በ2025 ለአንድ አዋቂ የአንድ ቀን መግቢያ ከ119 ዶላር ጀምሮ እንደ ፓርኩና እንደ ቀኑ እስከ 199 ዶላር ይደርስ ነበር። በላዩ ላይ 6.5 በመቶ የሽያጭ ግብር አለ፣ መጀመሪያ የምታዩት ዋጋ ላይ አይታይም። ብዙ ቀን ስትገዙ የአንዱ ቀን ዋጋ ይወርዳል። መልቲ ፓሱም እንዲሁ ቀን እያየ ይለዋወጣል፤ ሰው በማይበዛበት ቀን 15 ዶላር አካባቢ የነበረው በገና ሰሞን ማጂክ ኪንግደም በሚባለው ፓርክ ከ30 ዶላር ያልፋል። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለእያንዳንዱ ቀን። ስድስት ሰው ሆናችሁ አስሉት።

እዚህ ላይ እኛ የምንጠቀምበት አንድ ዕድል አለን። የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በነሐሴ የመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ እስከ መስከረም እረፍት ላይ ናቸው። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጳጉሜ ያለው ጊዜ ለፓርኩ ከዓመቱ ሰው ከማይበዛባቸው ወቅቶች አንዱ ነው፣ ትኬቱም ይረክሳል። ሐምሌ ላይ ሄዶ ከአሜሪካ ተማሪ ሁሉ ጋር ከመጋፋት ይህን ብትመርጡ ይሻላል። ችግሩ ሙቀቱ ነው። የሐዋሳ ሙቀት የለመደ ሰው እንኳን እዚያ ወበቁ ያስቸግረዋል፣ ወቅቱም የአውሎ ነፋስ ነው።

ፍልሰታን ለምትጾሙ፣ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ቆሎም ዳቦም ያልፋል። የማያልፈው የመስታወት ዕቃና አልኮል ነው።

ፓርኮቹ አራት ናቸው፦ ማጂክ ኪንግደም፣ ኤፕኮት፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስ፣ አኒማል ኪንግደም። በአንድ ቀን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዘዋውር ትኬት ፓርክ ሆፐር ይባላል፣ ጭማሪ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ አያስፈልግም ባይ ነኝ። አንዱን ፓርክ እንኳን በቀን መጨረስ ይከብዳል።

ትኬቱን ግዙ፣ ግን በማን ስልክ?

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። አሜሪካ ያለው ወንድም በራሱ አካውንት ለሁሉም ይገዛል። ከዚያ በጉዞው ቀን እሱ ሥራ ላይ ይሆናል፣ ቤተሰቡ ፓርክ ውስጥ ነው፣ ቀጠሮዎቹ ሁሉ ግን እሱ ኪስ ውስጥ ናቸው። አካውንቱ መሆን ያለበት ከእናንተ ጋር ፓርኩ ውስጥ ስልክ ይዞ በሚዞረው ሰው ስም ነው። ካርዱ የወንድም ሊሆን ይችላል፣ አካውንቱ ግን የእናንተ ይሁን። የምትከፍቱት ማይ ዲዝኒ ኤክስፒሪየንስ በሚባለው መተግበሪያ ወይም በዲዝኒ ወርልድ ድረ ገጽ ነው። ኢሜይሉም ሁልጊዜ መክፈት የምትችሉት ይሁን፤ መግቢያ ኮድ የሚላከው እዚያ ነው።

የቤተሰቡን አባላት አንድ በአንድ መዝግቡ። የእኛ ስም እዚህ ላይ ትንሽ ያደናግራል፤ ባል፣ ሚስትና ልጆች የመጨረሻ ስማቸው የተለያየ ነው፣ ፈረንጅ ደግሞ አንድ እንዲሆን ይጠብቃል። አትጨነቁ። ሁሉንም እንደ ፓስፖርታቸው ጻፉና በአንድ የቤተሰብና የጓደኛ ዝርዝር ውስጥ አስገቧቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ትኬት ለባለቤቱ መድቡ። ትኬቱ ለሌላ አይተላለፍም። በር ላይ የጣት ስካን አለ፣ ስለዚህ ሰው ተጠቅሞ የተረፈውን ትኬት በርካሽ እሸጣለሁ ከሚል ሰው እንዳትገዙ።

የልጆቹን ዕድሜ ከፓስፖርቱ ላይ ገልብጡ። የቀበሌ ልደት ካርድ ላይ ያለውን ዓመት በእኛ አቆጣጠር እንዳለ ካስገባችሁት ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨምራል። ከ3 ዓመት በታች መግቢያም መልቲ ፓስም አይከፍልም። ከ3 እስከ 9 የልጅ ዋጋ ነው፣ ከአዋቂው ያለው ልዩነት ግን ጥቂት ዶላር ብቻ ነው። ከ10 ጀምሮ አዋቂ ነው። ስለዚህ ሊያስጨንቃችሁ የሚገባው ሦስተኛው ልደት ነው። ልጁ ሦስት የሚሞላው ከጉዞው በኋላ ከሆነ እሰየው።

ካርዱን በሚመለከት፣ እዚህ ባንክ የውጭ ምንዛሪ የተሞላበት ካርድ ካላችሁ ኦንላይን ግዢ ላይ እንደሚሠራ ከመጓዛችሁ በፊት አስጠይቁ። ኤቲኤም ላይ መሥራቱ ብቻ ዋስትና አይሆንም።

ልጆቹን ለኩ

ቀልድ ይመስላል ግን ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ይህ መደረግ አለበት፤ አንዳንድ መጫወቻዎች ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ አያስገቡም። የልብስ ሰፊ ሜትር አምጡ፣ ልጁን ግድግዳ አስደግፉ፣ በሴንቲ ሜትር ጻፉ።

97 ሴንቲ ሜትር ከሞላ ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬይንና ስሊንኪ ዶግ ዳሽ የሚባሉት መጫወቻዎች ይገባል። ታወር ኦቭ ቴረርና ራይዝ ኦቭ ዘ ሬዚስታንስ 102 ይፈልጋሉ። ኮዝሚክ ሪዋይንድ 107፣ ስፔስ ማውንቴንና ፍላይት ኦቭ ፓሴጅ 112፣ ትሮን ደግሞ 122 ነው። በር ላይ ያለው ሠራተኛ ይለካል። ለምኖ ማሳለፍ የለም፣ "አንድ ጣት ናት የጎደለችው" አይሠራም።

ቁመታቸው ያልደረሰ ልጆች ብቻ ካሏችሁ ገንዘባችሁን ማጂክ ኪንግደም ላይ አውሉት። እዚያ ፒተር ፓን፣ ዊኒ ዘ ፑህና ጃንግል ክሩዝን የመሳሰሉ ቁመት የማይጠይቁ መጫወቻዎች አሉ፣ የፒተር ፓን ሰልፍ ደግሞ ትዕግሥት ያስጨርሳል። አኒማል ኪንግደም ላይ ግን መልቲ ፓስ ባትገዙ ብዙም አይቆጫችሁም። ጠዋት በር ሲከፈት መድረስ ይበቃል።

ቀጠሮ የሚያዝበት ቀን

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ዲዝኒ ሆቴል ውስጥ የምታድሩ ከሆነ ቀጠሮ መያዝ የምትችሉት ሆቴል ከምትገቡበት ቀን 7 ቀን ቀደም ብሎ ነው፣ የቆይታችሁን ቀናት በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ እስከ 14 ቀን። ቅዳሜ የምትገቡ ከሆነ ያለፈው ቅዳሜ ማለት ነው። ሌላ ሆቴል ወይም ዘመድ ቤት የምታድሩ ከሆነ ለእያንዳንዱ የፓርክ ቀን 3 ቀን ሲቀረው ነው። ለሐሙስ ሰኞ፣ ለዓርብ ማክሰኞ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ብቻ የዲዝኒ ሆቴል መያዝ ለኪስ የሚከብድ ይመስለኛል። ሦስት ቀን ሲቀረውም ጥሩ ነገር ይገኛል፣ በተለይ በነሐሴ መጨረሻ።

የሚከፈትበት ሰዓት በኦርላንዶ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፣ እነሱ 7:00 የሚሉት። ከሐዋሳ ሆናችሁ የምትይዙ ከሆነ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ በሚመልሱበት ጊዜ፣ ማለትም ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። 7:00 የሚለውን አይታችሁ በእኛ ሰባት ሰዓት ብትቀመጡ ምንም አይከፈትም፣ ከቆያችሁ ግን ሌላው ይቀድማችኋል።

የዚያን ቀን መብራት ይጥፋ አይጥፋ ዋስትና የለም። ስልኩን በሙሉ ቻርጅ አድርጉ፣ ዋይፋዩ ቢሄድ የሚተካ የሞባይል ዳታ ግዙ። ከሩብ ሰዓት በፊት ግቡና ካርዱ የተመዘገበ፣ የቤተሰቡ ስም ሁሉ ያለ መሆኑን አረጋግጡ።

ከዚያ እንዲህ አድርጉ። የምትሄዱበትን ቀንና ፓርክ ምረጡ፣ አብረው የሚጫወቱትን ሰዎች ምልክት አድርጉ። ከአኒማል ኪንግደም በስተቀር መጫወቻዎቹ በሁለት ምድብ ተከፍለዋል። ከመጀመሪያው ምድብ አንድ ብቻ፣ ከሁለተኛው ሁለት ነው የሚፈቀደው። የመጀመሪያውን ምድብ ቶሎ ምረጡ፣ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ሰዓቶቹን ረፋድ ላይ፣ ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት አካባቢ አድርጓቸው። በሩ እንደተከፈተ ያለው ጊዜ ሰልፉ አጭር ስለሆነ ያለ ቀጠሮ ይሠራበታል። ደግሞም የመጀመሪያውን ቀጠሮ ስትጠቀሙ ሌላ መጨመር ስለምትችሉ፣ ሦስቱንም ማታ ላይ ካደረጋችሁ ቀኑን ሙሉ ተጨማሪ ሳትይዙ ትውላላችሁ።

በክረምት የፍሎሪዳ ሰማይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይወዳል። መብረቅ ሲመጣ ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። ስሊንኪ ዶግን የመሰለ ውጭ ያለ ነገር ጠዋት ይሁን፣ ጣሪያ ያለውን ከሰዓት አድርጉ።

የተሰጣችሁ ሰዓት ካልተስማማችሁ ከፍላችሁም በኋላ መተግበሪያው ላይ መቀየር ትችላላችሁ፣ ክፍት ቦታ እስካለ ድረስ። ስለዚህ መጀመሪያ ያገኛችሁትን ያዙ፣ ከዚያ ተረጋግታችሁ አስተካክሉ።

ትሮን፣ ኮዝሚክ ሪዋይንድ፣ ራይዝ ኦቭ ዘ ሬዚስታንስና ፍላይት ኦቭ ፓሴጅ በመልቲ ፓሱ ውስጥ የሉም። ሲንግል ፓስ በሚባል ለየብቻ ይሸጣሉ፣ በቀን ለአንድ ሰው እስከ ሁለት። ወኪሉ "ሁሉም ይካተታል" ካላችሁ እነዚህን አራት ስም እየጠራችሁ ጠይቁት። ሁሉንም በአንድ ክፍያ ያለ ሰዓት የሚያስገባ ፕሪሚየር ፓስ የሚባልም አለ። በ2024 ሲጀመር ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ከ129 እስከ 449 ዶላር ነበር። ለእኛ ቤተሰብ ብዛት የሚታሰብ አይደለም።

ለዩኒቨርሳል ኦርላንዶ የሚሆን አንድ ዘዴ ግን ላንሳ። ፖርቶፊኖ ቤይ፣ ሃርድ ሮክና ሮያል ፓሲፊክ የሚባሉት ሦስት ሆቴሎች ለአዳሪው ኤክስፕረሱን በነጻ ይሰጣሉ፣ ከምትገቡበት ቀን እስከ ምትወጡበት ቀን። አንድ ሌሊት አድራችሁ ሁለት ቀን ትጠቀማላችሁ። ለአራትና ለአምስት ሰው ኤክስፕረስ ለየብቻ ከመግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። የሚሠራው በሁለቱ የቆዩ ፓርኮች ነው እንጂ በግንቦት 2025 በተከፈተው ኤፒክ ዩኒቨርስ አይደለም።

ፓርኩ ውስጥ

መተግበሪያው የሚያሳየው ሰዓት የእነሱ ነው። አያት ይዛችሁ ከሄዳችሁ በተለይ ንገሯቸው፤ 2:10 የሚለውን አይተው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው ብለው እንዳይጨነቁ፣ በእኛ ከቀኑ 8:10 ነው። እኔ ብሆን ቀጠሮዎቹን በእኛ ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፌ ኪሳቸው ውስጥ እከትላቸው ነበር።

ቀጠሯችሁ ሲደርስ በላይትኒንግ ሌን መግቢያ ግቡ፣ እያንዳንዱ ሰው ትኬቱን ያስነካል። ሁሉም እንደገባ ወዲያው ስልኩን አውጡና ቀጣዩን ያዙ። ሰልፉ ውስጥ ቆማችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ይህን የሚያደርግ አንድ ሰው መድቡ፣ ቢቻል ከጎረምሶቹ አንዱን። ዋይፋይ በነጻ አለ፣ የባትሪ ማጠራቀሚያ ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ ይህ አሠራር ስልክ ይበላል።

መጫወቻው ከተበላሸ አትሩጡ። ቀጠሯችሁ ወደ ሌሎች መጫወቻዎች መግባት ወደሚያስችል ፈቃድ ይቀየራል፣ መተግበሪያው ላይ የትኞቹ እንደሚፈቀዱ ታያላችሁ።

ቁመቱ ያልደረሰ ሕፃን ካላችሁ መግቢያው ላይ ያለውን ሠራተኛ "ራይደር ስዊች" ብላችሁ ጠይቁት። አንዱ ወላጅ ከትልልቆቹ ጋር ይገባል፣ ሌላው ሕፃኑን ይዞ ውጭ ይቆያል። ከዚያ ይቀያየራሉ፣ ሁለተኛው ወላጅም እንደ አዲስ አይሰለፍም። ክፍያ የለውም፣ ጥያቄውን ግን ሰልፉ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት አቅርቡ።